ሁለቴ ዘጠና ዘጠኝ

የያዙኝ ነቀምቴ መግቢያ ላይ ነው፤ ከአርጆ በእግሬ ስመጣ። የገበያ ቀን ነበር። ሁለት ፖሊሶች መንገድ ዳር ቆመዋል። አንደኛው ስሜን ጠየቀኝና «ነኝ» ስለው ክንዴን ቀስ አድርጎ ያዘ። ክፉ ሰው አልነበረም። ገበያተኛው ፊት እንዳላፍር ብሎ ይሁን ወይ እሱ ራሱ አፍሮ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብት ዋጋ እያወራን፣ እንደ ወዳጅ ጎን ለጎን ተራምደን ወህኒ ቤት ገባን።

ጥፋቴን ባጭሩ ልናገር። ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ እኛ ጭሰኞች ነበርን። ባለመሬቱ ቡና ሊተክል ፈልጎ ከአያቶቻችን ጀምሮ ያረስነውን ልቀቁ አለን። ሰዉ ተሰብስቦ ነቀምቴ ድረስ ሄደን አቤት እንበል አለ። አቤት የሚባለው ደግሞ በአማርኛ ነው። እኔ ከሚስዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ከአባቴ ጋር በንግድ ስዞር አማርኛ የለመድኩ ስለነበርኩ «አንተ ተናገርልን» ብለው አስቀደሙኝ። ተናገርኩ። ሕዝብ አነሳሽ ተባልኩ። ነገሩ ይኸው ነው።

ያስገቡኝ ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መሬቱ ሳይለሰን የቀረ። ከጣሪያው ሥር እጅ የምታሾልክ መስኮት አለች። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ እርጥብ ጋቢና ያልተደፋ ባልዲ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ሳለሁ ከበሩ ሥር አንድ ድምፅ፣

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ? ግባ ግባ። በር የሚዘጋልን ሰው አለ፤ አንቸገርም» አለኝ።

ከአኖ በኩል የመጣ የከብት ሌባ ነበር። ሌብነቱን አይደብቅም። እሱ በሬ ሰርቆ እንደገባ፣ እኛ ግን ምንም ሳንሰርቅ መግባታችን እንደሚገርመው ደጋግሞ ይነግረን ነበር። ሌላው ሰው መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ሰላምታዬን የመለሰው ቆይቶ ነው፤ ቃሉን ከሩቅ ቦታ ሄዶ እንዳመጣ ሰው።

መምህር ነበር። ወላጆቹ ከሸዋ የመጡ፣ እሱ ግን እዚያው ነቀምቴ ተወልዶ ያደገ፤ አዲስ አበባ ተምሮ ተመልሶ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ከእኔ ጥቂት ያንሳል፤ ስለዚህ «አንተ» እለዋለሁ፣ ግን ስሙን አልጠራም፤ መምህር ነው የምለው። እሱ እኔን ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ይለኛል። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ መሬት ለሚያርሰው ይሰጥ የሚል ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። የጻፉት የእሱ ተማሪዎች ናቸው፣ እነማን እንደሆኑም ያውቃል ተብሎ ተያዘ። ሲጠይቁት በዱላ ራሱን መቱት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ቀኝ እጁም አብጦ ጣቶቹ አይታጠፉም። ሲያወራ መሀል ላይ ይቆምና የሚቀጥለውን ቃል ይፈልጋል። ውሃ ለማለት ፈልጎ «ያ... የሚጠጣው» ይላል። እኔ አቀብለዋለሁ፤ ቃሉንም ውሃውንም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ቀን ነው።

ጠዋት የሚመረምረን መቶ አለቃ መምህሩን አስጠራውና ብዙም ሳይቆይ መለሱት። አልደበደቡትም። መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን ሰብስቦ።

«ኦቦ» አለኝ። «ሰው የተናገረውን ይረሳል?»

«ይረሳል እንጂ» አልኩት፤ ምን እንደፈለገ ሳልረዳ። ፊቱ ሲለወጥ ባየሁ ጊዜ ባልተናገርኩ አልኩ።

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። መቶ አለቃው በትሕትና አስቀምጦት፣ የተመታህ ቀን ከመውደቅህ በፊት የልጆቹን ስም ጠርተሃል፣ ቃልህ ተጽፏል፣ ነገ ጠዋት መጥተህ ትፈርማለህ ብሎታል። መምህሩ ይህን መናገሩን አያስታውስም። ዱላው ሲነሳ ያስታውሳል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚያስታውሰው የእኛን መደብ ነው። መሀሉ ጉድጓድ ነው።

ሌባው ከበሩ ሥር ሆኖ ይሰማ ነበር። አትፈርም ነዋ፣ ምን ያስጨንቅሃል አለው።

መምህሩ ነገሩ ፊርማው ብቻ እንዳልሆነ አስረዳን። የእኔ እህት ነቀምቴ ያገባች ናት፤ ጠዋት ስንቅ ታመጣልኛለች፣ ወደ ማታ ዕቃዋን ልትወስድ ትመለሳለች። በእሷ በኩል ለልጆቹ ሽሹ ብሎ መላክ ይችላል። ስማቸውን ጠርቶ ከሆነ፣ አለመላክ ማለት ተኝተው ሳሉ ማስያዝ ነው። ሳይጠራ ከሆነ ግን የሚሸሸው ልጅ በመሸሹ ራሱን ያጋልጣል፤ ምናልባትም መቶ አለቃው ይህን ያለው ማን እንደሚሮጥ ለማየት ይሆናል። ማታ እህቴ እስክትመጣ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ለመምረጥ ደግሞ ጭንቅላቱን ማመን አለበት።

«ጭንቅላቴ ከተበላሸ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም» አለ። «ካልተበላሸ ግን ጉድጓዱ ራሴን የሳትኩበት ጊዜ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ስም አይጠራም።»

ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ዝናቡ ሲቀንስ እሱ ለራሱ እንደሚያወራ፣

«መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ ሰባ አንድ» አለ።

የደመወዙ ሒሳብ መሰለኝ። አልነበረም። ይህን ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው ቁጥር የለም አለኝ። ለሁለት ብትከፍለው፣ ለሦስት፣ ለሰባት፣ ለመቶ ብትከፍለው፣ ሁልጊዜ የሚተርፍ አለ። እንዲህ ያለው በትምህርት ብቸኛ ቁጥር ይባላል።

«ብቸኛስ እኔ ነኝ» አለ ሌባው። «ሚስቴ ሄዳለች፣ በሬው ለባለቤቱ ተመልሷል።»

መምህሩ ሳቅ ብሎ ቀጠለ። ተማሪ ሳለ ይህን ቁጥር በራሱ እጅ መርምሮ ነበር። አስተማሪ ከሆነ በኋላም በየዓመቱ መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ይጽፍላቸዋል፤ የሚያካፍለው ያገኘ ይምጣ ይላቸዋል።

«አሁንም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ» አለ። «ግን ማስታወስ ይሁን ሕልም አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ሰው ጠይቄ ማመን አለብኝ፤ የእናቴን ስም እንኳ። ይሄን ግን ማንንም አልጠይቅም። ራሱ ይመልስልኛል።»

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁበት። አባቴ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ የቡናና የከብት ነጋዴ ነበር። ሒሳብ ሲያስቸግረው መሬት ላይ ጠጠር ይደረድርና ያጥፋል፤ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት፣ አራቱን ስምንት እያለ። ማካፈልም ሲፈልግ እንደዚያው ነው። የተካፋዮቹን ቁጥር እያጠፈ ክምሩ ላይ እስኪደርስ ይወጣል፤ ከዚያ ከትልቁ ጀምሮ ከክምሩ እየቀነሰ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ መቀነስ የማይቻለው ትርፉ ነው። በየገበያው እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ ብዙ ነበር፤ የእኛ ጥበብ አይደለም። ይህን ስነግረው መምህሩ ቀና አለ። እሱ በጭንቅላቱ ይሠራል፣ እኔ መሬት ላይ እሠራለሁ፤ የሁለታችን ከተስማማ ጭንቅላቱ ደህና ነው። እንዲህ ተስማማን።

ጠጠር አልነበረንም። እህቴ ያመጣችው የበቆሎ ቆሎ ግን ነበር፤ በኩንታል ጨርቅ የተቋጠረ። በጣቴ መሬቱን አሰመርኩ፤ ለአንዱ፣ ለአስሩ፣ ለመቶው፣ ለሺሁ እያልኩ ቤት ሰጠሁት።

«እኛ ርቦን ቁጥሩ ሊጠግብ ነው» አለ ሌባው። ተነስቶ ግን ቀረበ። ፍሬዎቹን ለመምህሩ ሲያሳየው አንዷ ሁለት ሆና እንደምትታየው ሰማና፣ «እንግዲያማ ቆሎዬን በአንተ ዓይን ልብላው፤ እጥፍ ይሆንልኛል» አለው።

ከአንድ ተነሳን። መምህሩ ጮክ ብሎ እያጠፈ ይጠራል፣ እኔ እደረድራለሁ። አስራ ሰባት ጊዜ ታጠፈ፤ መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ ሰባ ሁለት ደረሰ። «አንድ ቀንስ» አለኝ። ሌባው ቀድሞኝ አንዷን አንስቶ አፉ ውስጥ ከተታት። «ይቺ የእኔ ናት» አለ። መሬቱ ላይ የቀረው ያ ብቸኛ የተባለው ቁጥር ነው።

እኔ የፈራሁት የሚሞከረው አካፋይ ብዛቱን ነበር። ከሁለት ጀምረን እስከ የት ልንሄድ ነው? መምህሩ አራት ብቻ ናቸው አለኝ። አስራ ሰባት ጊዜ ታጥፎ አንድ የተቀነሰበት ቁጥር ሥርዓት አለው፤ የሚያካፍለው ቢኖር፣ የሠላሳ አራት ብዜት ላይ አንድ ጨምረህ የምታገኘው ዓይነት ብቻ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ነግሮኝ ነበር፤ አልገባኝም፤ ዛሬም አልገባኝም። ሁለተኛው ነገር ግን ገብቶኛል። ከሦስት መቶ ስልሳ ሁለት በላይ መውጣት አያስፈልግም፤ አካፋዮች እንደ ጥማድ በሬ ጥንድ ናቸውና። አንዱ ከዚያ በላይ ትልቅ ከሆነ ጓደኛው ከዚያ በታች ትንሽ ነው፤ በመንገዳችን ላይ እናገኘው ነበር። እንዲህ ሲያበጥር፣ ራሳቸው በሌላ ቁጥር የሚካፈሉትንም ሲጥል፣ የቀሩት መቶ ሦስት፣ መቶ ሠላሳ ሰባት፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝና ሦስት መቶ ሰባት ናቸው።

በመቶ ሦስት ጀመርን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔ ተንበርክኬ መቶ ሦስትን አጥፋለሁ፤ ሁለት መቶ ስድስት፣ አራት መቶ አስራ ሁለት። ከጨረስኩ በኋላ መሬቱ ላይ የቀረኝን በልቤ ይዤ፣ ስንት ሆነልህ አልኩት።

«ሃምሳ አምስት።»

እኔም ጋ ሃምሳ አምስት ነው። ትከሻው ሲወርድ አየሁ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ሽማግሌ የጎጃም ሰው ነበር፤ ብዙ ዓመት ከቤቱ ርቆ የኖረ። መሬቱ ላይ የተደረደረውን ቆሎ አየና ደነገጠ። ጠጠር ጣይ ነህ እንዴ መምህር፣ የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል ወይ አለ። እኛ ልናስረዳው ስንል ሌባው ቀደመን፤ አዎ፣ መፈቻችንን እያየን ነው አለው። ሽማግሌው ወደ ኋላ አየ፣ ወደ ውስጥ አንገቱን አስገባ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያ የእኔንም ዝውውር እይልኝ። ደብረ ማርቆስ ነው የጠየቅሁት።»

መምህሩ መዋሸት አልፈለገም፤ ይህ እንደዚያ ዓይነት ነገር አይደለም አለው። ሽማግሌው ግን ጠንቋይ ሁሉ እንደዚያ ይላል ብሎ አላመነውም። ለማንኛውም ብርሃን እንዲገባልን በሩን ገርበብ አድርጎ ተወልንና ጀርባውን ሰጥቶን ደጅ ተቀመጠ። ያ ብርሃን ብዙ ረዳን።

መቶ ሠላሳ ሰባት ቀጠለ። እጥፎቹን በግድግዳው በኩል ደረደርኩ፤ ከትልቁ ጀምሬ ከክምሩ ቀነስኩ። ዘጠና ዘጠኝ ቀረኝ። እሱም «ዘጠና ዘጠኝ» አለ። ሌባው እንኳ በእጁ መዳፍ ጉልበቱን መታ።

ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ስንደርስ መምህሩ ከወትሮው ቆየ። ከንፈሩ ቆመ። እንደገና ጀመረ። እንደገና ቆመ። ስንት ሆነልህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ፊቱ ያስፈራ ነበር።

«የቅድሙ ነው» አለ። «የቅድሙ ተጣብቆብኛል። ዘጠና ዘጠኝ ይለኛል።»

እኔም መሬቱን አየሁ። ዘጠና ዘጠኝ ነው።

ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ይባስ ጠቆረ። ሁለት የተለያዩ አካፋዮች እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር ላይ አንድ ዓይነት ትርፍ በድንገት አይተዉም አለ። እኔ ሲናገር ሰምቼው እጄ ድምፁን ተከትሎ ይሆናል። ወይ ፍሬ ጎድሏል። ሁለታችንም ወደ ሌባው አየን።

«ላኪ» አለ፤ አይደለም ማለቱ ነው። «ስሰርቅ ሰርቄያለሁ እላለሁ። የበላሁት ያቺን አንዷን ነው፤ እሷንም እያያችሁ ነው።»

እንደገና አደረግነው። እሱ ጆሮውን በእጁ ደፈነ፤ እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ ብቻዬን ሠራሁ። ዘጠና ዘጠኝ። መምህሩ መልሴን ከፊቴ አወቀው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የታመመ ጭንቅላት አንዱን ነገር እየደጋገመ ይናገራል ሲሉ ሰምቷል፤ ያ ነው የደረሰበት። እኔን ደግሞ አብሬው ስለዋልኩ ወደ ስህተቱ ጎትቶኛል። እንዲህ አለ፤ ቃል ሳይፈልግ፣ ሳይቆም፣ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ፣

«ኦቦ፣ እህትህ ስትመጣ ንገራት። ይሽሹ። ስማቸውን ልንገርህ፣ በቃልህ ያዝ» አለኝ።

ጠባቂው ደጅ ተቀምጧል። በሩ ገርበብ ብሏል። ሌባው ራሱ ሁለት እጁን አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገ፤ ይህን ያደረገው ሳይቀልድ ነው። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህ ሰው ስሞቹን እስካሁን ተናግሮ እንደሆነ አላውቅም፤ አሁን አፉን ከከፈተ ግን በእርግጥ ተናግሯል።

«ቆይ መምህር» አልኩት። «እህቴ እስክትመጣ ጊዜ አለ። መጀመሪያ እጄ የት እንደተሳሳተ አሳየኝ።»

የምለው ስላጣሁ ነው ያልኩት። የመቶ ሠላሳ ሰባቱ እጥፎች ገና በግድግዳው ሥር እንደተደረደሩ ነበሩ፤ የሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ከእነሱ አጠገብ። እያንዳንዷን ቅነሳ ጮክ ብዬ ነገርኩት። በመጀመሪያው ጊዜ በመጨረሻ የቀነስኩት አምስት መቶ አርባ ስምንት ነው፤ ከእሱ በኋላ ዘጠና ዘጠኝ ቀረ። በሁለተኛው ጊዜ በመጨረሻ የቀነስኩት ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ነው፤ ከእሱም በኋላ ዘጠና ዘጠኝ ቀረ።

ፊቱን ከግድግዳው አላነሳም። ቆይቶ ግን፣

«መቶ ሠላሳ ሰባት አራት ጊዜ ስንት ነው?» አለ።

«አምስት መቶ አርባ ስምንት።»

«ያ ሁለተኛው አካፋይ ስንት ጊዜ እንደገባ ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ አምስት መቶ አርባ ስምንት ጊዜ ነው የገባው። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ አራት ጊዜስ?»

«ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት።»

«እሱም የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደገባ ነው» አለና ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን የቅድሙ ዓይን አልነበረም። «ኦቦ፣ አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው ነው! ሁለቱ ተባዝተው፣ ያ ደግሞ በአራት ተባዝቶ፣ መቶ ሠላሳ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ነው። ሁለቱም እኩል ያካፍሉታል። የእኛ ቁጥር ከእሱ በዘጠና ዘጠኝ ይበልጣል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። ሁለት መንገደኞች አሉ፤ የአንዱ እርምጃ አጭር ነው፣ የአንዱ ረጅም። ከአንድ ቦታ ተነስተው ብዙ ሄደው፣ ሁለቱም አንዱን ድንጋይ በእኩል ረገጡት። ከዚያ ድንጋይ እስከ ወንዙ፣ ማለትም እስከ ቁጥራችን፣ ያለው ርቀት ለሁለቱም አንድ ነው። የእርምጃቸው መለያየት ይህን አይለውጠውም። ዘጠና ዘጠኙ የጭንቅላቱ በሽታ አልነበረም፤ የቁጥሩ ጠባይ ነው። እንደዚህ ያለውን ነገር የተበላሸ ጭንቅላት አያገኘውም። ይህን የመጨረሻውን እሱ አላለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

የቀረው ሦስት መቶ ሰባት ነው። እሱንም ሠራነው። በእኔ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ተረፈ፣ በእሱም እንደዚያው። አስራ ሰባት ጊዜ አስራ ሰባት ነው ብሎ ለብቻው ፈገግ አለ። አራቱም በሮች ተዘጉ። ቁጥሩ ያለው ነገር እውነት ነበር።

እህቴ ወደ ማታ መጣች። መምህሩ በበሩ በኩል ሰላምታ ብቻ ሰጣት። እሷ ቆሎውን አፈር ለብሶ ስታየው ምን አደረጋችሁት አለች። ሌባው «ሒሳብ ሲማር ዋለ» አላት።

በማግስቱ ሲጠሩት እኔንም ጠሩኝ። ሁለታችንን እጅ ለእጅ በሰንሰለት ቁራኛ አድርገው ግቢውን አሻገሩን። ከመውጣቱ በፊት ባለችን ውሃ ፊቱን ታጠበ፤ ያበጠ እጁን እኔ አጠብኩለት።

መቶ አለቃው መልካም ሰላምታ ሰጠውና ወንበር አሳየው። ወንበሩ አንድ ነው። መምህሩ ሰንሰለቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «አብረን እንቆማለን» አለ። ጸሐፊው ወረቀቱን አቀረበ፤ መቶ አለቃው እስክሪብቶውን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

«ይህን አላልኩም» አለ መምህሩ።

«ስትለው ራስህን አታውቅም ነበር።»

«ራሱን የማያውቅ ሰው ስም አይጠራም። ራሴን ካወቅሁ ደግሞ አላልኩም።»

መቶ አለቃው አልተቆጣም። ወደ እኔ ዞረ። የእኔ ጉዳይ ቀላል እንደሆነ፣ እሱ ከፈለገ በቅርቡ ወደ እርሻዬ እንደምመለስ ነገረኝ። ዝናቡ ገብቷል፤ ያልታረሰ መሬት አለኝ፤ ሚስቴ ብቻዋን ናት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ይመስል ነበር። ከዚያ፣

«አብረኸው ነው የምታድር። የሚናገረውን አያውቅም፣ አይደለም?» አለኝ።

«ያውቃል፣ ጌታዬ።»

«አንተ እንዴት አወቅህ?»

«ትናንት ስንቆጥር ውለን አንድም አልተሳሳተም።»

«ምን ስትቆጥሩ?»

«ቆሎ» አልኩት።

ጸሐፊው ሳቀ። መቶ አለቃው አልሳቀም። መምህሩ እስክሪብቶውን አነሳና ክዳኑን ሊከድን ሞከረ፤ ሁለት ሆኖ ስለሚታየው ሳተው። እንደገና ሳተው። አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ያበጡትን ጣቶቹን ቀስ አድርጎ አቀረበ፣ ከደነው። ከዚያ ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚመለስ በሁለት እጁ አድርጎ ለመቶ አለቃው አቀረበለት። የእሱ እጅ ሲነሳ በሰንሰለቱ የእኔም አብሮ ተነሳ፤ ሁለታችንም የሰጠነው መሰለ። መቶ አለቃው ጥቂት አይቶን ተቀበለ።

ብዙም ሳይቆይ መምህሩን በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። እኔ የቡናው ለቀማ እስኪያልፍ እዚያው ቆየሁ። እህቴ ትምህርት ቤቱ እንደወትሮው መሆኑን፣ የሸሸም የተያዘም ልጅ እንደሌለ ነገረችኝ። መምህሩን ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ከተፈታሁ በኋላ ለዓመታት ሳስበው አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ሒሳብ የመሰከረው ስለ ቁጥሩ ነው። ደህና ጭንቅላት ያለውም ሰው ቢሆን ይረሳል። መምህሩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። እግሩን የሚያሳርፍበት አንድ ጠንካራ ቦታ ፈልጎ ነበር፤ አገኘው፤ ቆመበት።

አሁን እኔም እረሳለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ይሄን እኮ ትናንት ነግረኸኛል» ትለኛለች። መናገሬን አላስታውስም፤ «ይሆናል» እላታለሁ። ራሴ ያልኩትን መልሳ ትነግረኛለች፣ እንደ አዲስ እሰማታለሁ፣ አንዳንዴም እንስቃለን። ከእኔ የጠፋው በእሷ ዘንድ ቢቀመጥ አይከፋኝም። ያ ወጣት መምህር ግን የጠፋበትን ነገር በእጄ አለ ያለው መቶ አለቃው እንደነበር ሳስብ፣ ያን ዕለት መሬት ላይ ተንበርክከን ምን ስንፈልግ እንደዋልን ከዱሮው ይልቅ ዛሬ ይገባኛል።